የባሌ ተራሮች ጉዞ፦ ዝግጅቱ ከቤት ይጀምራል



የጥር ፈተና ታርሞ የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ሲቃረብ፣ በትምህርት ቤትም ሆነ በመድረሳ ከወላጆች የሚቀርብልን ጥያቄ አንድ ነው፤ «ልጆቹ ዕረፍቱን በምን ያሳልፉት?» የሚል። ልጆቻቸው ከስልክና ከቴሌቪዥን ፊት ተነስተው፣ እግራቸውን አፍታተው፣ አላህ የፈጠረውን ምድር አይተው እንዲመለሱ የሚመኙ ወላጆች ብዙ ናቸው። እኛም ይህንን በጎ ምኞት ይዘን ወጣቶችን ሁለት ጊዜ ወደ ባሌ ተራሮች ወስደናል። የመጀመሪያው ጉዟችን የሰው ሕይወት ሊጠፋበት ሲል በአላህ ችሮታ የተረፍንበት ነው። ሁለተኛው አምሮ ሰምሮልናል። ተራራው ያው ነበር፣ ብርዱም ያው ነበር። የተለወጠው የእኛ ዝግጅት ነው። ይህንን ጽሑፍ የምናቀርበውም የእኛን ስህተት ሌላው እንዳይደግመው በማሰብ ነው።

ያ ሌሊት

በጥር 2015 ዓ.ም. አሥራ አንድ ወጣቶችን ይዘን ከአዲስ አበባ ተነሳን። ከእነርሱ አንዱ ዕረፍቱን አጎቱ ዘንድ ለማሳለፍ ከድሬዳዋ የመጣ የ16 ዓመት ልጅ ነበር። እናቱ ከመነሳታችን በፊት ደውለው፣ «ኡስታዝ፣ ልጄን ለአላህ፣ ከዚያም ለእርስዎ አደራ ሰጥቻለሁ» አሉን። እኛም «ሐሳብ አይግባዎት» አልን። ቃሉ ከአፋችን ሲወጣ ቀላል ነበር።

በጀታችን ጠባብ ስለነበር አንድ ቀን ለማትረፍ ፈለግን። ከዲንሾ ተነስቶ ቀስ በቀስ በእግር በመውጣት ፈንታ፣ ጎባ አድረን፣ ከቁርስ በኋላ በመኪና ወደ ሳነቲ አምባ ወጣን። ምሳችንን የበላነው ከ4,000 ሜትር ከፍታ በላይ ነው። መኪናው ተመለሰ፤ እኛም ፈረሶቻቸውን ይዘው ከጠበቁን አንድ አዛውንት ጋር ጥቂት ሰዓት ተጉዘን ድንኳን ተከልን።

ልጁ ምሳውን አልበላም። ወደ ማታ አስመለሰው። ስንጠይቀው «መኪናው ነው ያዞረኝ» አለ። ለዒሻ ሶላት ሲነሳ ግን እግሩ ተሳሰረበት፤ ቀጥ ብሎ መቆም አቃተው። አዛውንቱ አይተውት ወደ እኛ ቀረቡና፣ «ባርሲሳ፣» አሉን፤ በኦሮምኛ መምህር ማለታቸው ነው፤ «ይህ ልጅ ድካም አይደለም የያዘው። አሁኑኑ አውርዱት።» እኛ «ይንጋና እናያለን» ስንል፣ «ሲነጋ ፈረስ ላይ የሚቀመጥ ልጅ ላይኖራችሁ ይችላል» ብለው ፈረሱን ጫኑ።

በባትሪ ብርሃን፣ ልጁን ከሁለት ወገን ደግፈን፣ ወደ መኪናው መንገድ ሄድን። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ ከዶሎ መና ወደ ጎባ የሚያልፍ የጭነት መኪና አገኘን። ጎባ ስንደርስ ኦክስጅን ተሰጠው። ፈጅር ላይ ዓይኑን ገልጦ «ርቦኛል» ሲለን፣ እንባችንን መያዝ አልቻልንም። አልሐምዱ ሊላህ!

ከዚያ በኋላ ለእናቱ መደወል ነበረብን። ሁሉንም ነገርናቸው። ለጊዜው ዝም አሉ፤ አላህን አመሰገኑ፤ ቀጥለውም፣ «ታዲያ ራሱን ሲያመው ለምን አልነገራችሁም?» አሉን። መልሱን እናውቀው ነበር። ሽቅብ ስንወጣ መኪና ውስጥ፣ ልጆቹን ለማበረታታት ብለን፣ «ወንድ ልጅ ራሴን አመመኝ አይልም!» ብለን ቀልደን ነበር። ሁሉም ስቋል። ልጁም አብሮ ስቆ ሕመሙን ዋጠው። የአጠገቡ ጓደኛው ያውቅ ነበር፤ እርሱም ዝም አለ። አደራውን ያጎደልነው ተራራው ላይ ከመድረሳችን በፊት፣ በዚያ ቀልድ ነው።

ከፍታ ምን ያደርጋል?

ሰው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። በ4,000 ሜትር ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 60 ከመቶ ያህል ብቻ ነው። እያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። አካላችን ይህንን የሚለምድበት መንገድ አለው፤ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ደም ይለወጣል። ይህ ግን ቀናት ይፈልጋል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ነዋሪዋ ጥቂት ለምዷል። ከድሬዳዋ የመጣው ልጅ ግን ከ1,200 ሜትር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ 4,000 ላይ ነው የተገኘው። ጉልበት፣ ወጣትነትና የእግር ኳስ ችሎታ ከዚህ አያድኑም። እንዲያውም ብርቱው ስለሚፈጥን ቀድሞ የሚታመመው እርሱ ሊሆን ይችላል።

ምልክቶቹን ማንም ሊለያቸው ይችላል፤ ራስ ምታት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ እንቅልፍ ማጣትና ያልተለመደ ድካም ናቸው። እነዚህ ሲታዩ ሽቅብ መውጣት ይቆማል፤ በሽተኛው ባለበት ያርፋል። በአንድ ቀን ካልተሻለው ይወርዳል። ሰውዬው ከተንገዳገደ፣ ንግግሩ ከተዛባ፣ ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረው ወይም አረፋ ያለው አክታ ካሳለው ግን ሌሊትም ቢሆን አይጠበቅም፤ ሰው ታክሎለት ወዲያውኑ ይወርዳል። ለመለየት ቀላል መንገድ አለ፤ መሬት ላይ መስመር አስምራችሁ፣ ተረከዝን ከአውራ ጣት እያገናኘ እንዲራመድ አድርጉት። ካልቻለ አውርዱት።

ሐኪሞች የሚመክሩት ደንብም ይህ ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ቦታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር፤ በየሦስትና አራት ቀኑም አንድ የዕረፍት ቀን ይኑር። አስም፣ የልብ ሕመም ወይም ስኳር ያለበት ሰው ከመሄዱ በፊት ሐኪም ያማክር። ለከፍታ የሚሰጥ መድኃኒትም አለ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ግን አይወሰድም።

የሦስት ወር ልምምድ

ለሁለተኛው ጉዞ መዘጋጀት የጀመርነው በጥቅምት ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ከአስር ሶላት በኋላ አንድ ሰዓት ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ፤ ፎቅ ያለበት ሰፈር የሚኖሩት ደረጃ መውጣትና መውረድ። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ሁላችንም ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ። በመጀመሪያው ወር ባዶ እጃችንን ወጣን። በሁለተኛው እያንዳንዱ በጀርባው አምስት ኪሎ ያዘ። በሦስተኛው ሁለት ቀን ተከታታይ ወጣን፤ ምክንያቱም በተራራ ጉዞ ላይ የሚከብደው በደከመ እግር በማግስቱ መነሳት ነው።

እነዚህ ቅዳሜዎች ሌላም ጥቅም ነበራቸው። ማን ዝም እንደሚል፣ ማን እንደሚቸኩል፣ ማን ለጓደኛው እንደሚቆም እንጦጦ ላይ አወቅን። ጫማም የተፈተነው እዚያው ነው። አዲስ ጫማ ገዝቶ በቀጥታ ወደ ተራራ የሚሄድ ሰው በሁለተኛው ቀን ተረከዙ ይላጣል።

ልብስና ጓዝ

የባሌ ደጋ ቀን ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፤ በኅዳርና በየካቲት መካከል ደግሞ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ወርዶ ውሃ በጆግ ውስጥ ይረጋል። ስለዚህ አንድ ወፍራም ካፖርት ከመያዝ ይልቅ የሚደራረቡ ቀለል ያሉ ልብሶች ይሻላሉ። የጥጥ ልብስ ላብና ጤዛ ይዞ ስለማይደርቅ ከሰውነት ጋር የሚነካው የሱፍ ወይም ቶሎ የሚደርቅ ጨርቅ ይሁን። ጋቢ ለማታ ጥሩ ነው፤ ከረጠበ ግን ሸክም ይሆናል። ሁሉንም አዲስ መግዛት አያስፈልግም፤ የእኛ ልጆች ግማሹን ከልባሽ ጨርቅ ነጋዴዎች ነው ያገኙት።

ለእያንዳንዱ ሰው የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ የተለማመደ ጫማ፣ አራት ጥንድ ካልሲ፣ የዝናብ ልብስ፣ ጓንትና የሱፍ ኮፍያ፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ ብርድ የሚችል ስሊፒንግ ባግ ከፍራሹ ጋር፣ ትርፍ ድንጋይ ያለው የእጅ ባትሪ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባትና ፉጨት። ለቡድኑ ደግሞ የቁስል ፕላስተር፣ የራስ ምታት ክኒንና ኦ.አር.ኤስ. ያለበት የመድኃኒት ሣጥን ያስፈልጋል።

በሁለተኛው ጉዞ ባለቤታችንና ሦስት እህቶች ከአባቶቻቸው ጋር አብረውን ነበሩ። የረጅም ጅልባብ ጠርዝ በጠዋት ጤዛ ከባድ እንደሚሆን አይተው፣ ከሰፊ ሱሪ በላይ ከጉልበት የወረደ ሰፊ ልብስ ለበሱ፤ ሒጃባቸውንም ንፋስ በማይገልጠው ዓይነት ሰፉት። ድንኳናቸውም ለብቻው ነበር። ሴት ልጅ ተራራ አትችልም የሚል ካለ ከእነርሱ ጋር ይሂድና ይሞክር።

ስንቅና ውሃ

በ4,000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው በ86 እና በ87 ዲግሪ መካከል ነው። ስለዚህ ባቄላና ሽንብራ ቀኑን ሙሉ ቢንተከተክም አይበስልም። ይዘን የሄድነው በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቴምር፣ ሽሮ፣ ኮቾሮና ከቤት በሐላል ታርዶ የደረቀ ቋንጣ ነበር። የአርሲና የባሌ ሰው በገብስና በቅቤ የሚያዘጋጀው ጭኮ ደግሞ ለዚሁ መንገድ የተፈጠረ ይመስላል፤ ትንሹ ያጠግባል፣ ቀናትም ሳይበላሽ ይቆያል።

በቀን ከሦስት እስከ አራት ሊትር መጠጣት ያስፈልጋል። የምንጭና የወንዝ ውሃ ከብት ስለሚረግጠው ተፍልቶ ይጠጣ፤ በዚያ ከፍታ ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ። እንጨት ከፓርኩ አይቆረጥም፤ ምድጃ ከነጋዙ ይያዛል። ቆሻሻችሁንም በከረጢት ይዛችሁ ተመለሱ።

ውዱእና ሶላት

በውርጭ ጠዋት እግር ማጠብ ለወጣቱ ፈተና እንዳይሆን፣ ሸሪዓው ለመንገደኛ የሰጠውን ገር ነገር አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። በውዱእ ላይ ሆኖ ኹፍ የለበሰ መንገደኛ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት በላዩ ላይ ማበስ ይችላል። ውሃ ያጣ ወይም ውሃው የሚጎዳው ሰው ተየሙም አለው። ባለ አራት ረከዓ ሶላቶችም ያጥራሉ። በካልሲ ላይ ስለማበስና ሶላትን ስለማጣመር መዝሀቦች የሚለያዩበት ዝርዝር አለ፤ ስለዚህ ቡድኑ ከመነሳቱ በፊት ኡስታዙን ይጠይቅና አንድ ሐሳብ ይያዝ። ተራራ ላይ፣ በብርድ ውስጥ፣ በዚህ መከራከር አይበጅም።

ቂብላን በተመለከተ ባሌ ላይ ያለ ሰው ዕድለኛ ነው። ዲንሾና መካ ሁለቱም በምሥራቅ ኬንትሮስ 39.8 ዲግሪ አካባቢ ስለሚገኙ፣ ቂብላው በቀጥታ ወደ ሰሜን ነው። ሆኖም አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች የሰሜን ኮከብ ከአድማስ ሰባት ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ትንሽ ጉብታ ወይም ጭጋግ ይሸፍነዋል። ስለዚህ ኮምፓስ ይያዝ። ለመንገድም ለሶላትም ያገለግላል።

አሚር መምረጥ

ሦስትና ከዚያ በላይ ሆነው የሚጓዙ ሰዎች ከመካከላቸው አሚር እንዲሾሙ የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሱና ያስተምረናል። ተራራ ላይ የዚህ ጥበቡ ይገለጣል። የእኛ አሚር ሥራው ከፊት መሮጥ አልነበረም። የቡድኑ እርምጃ የሚለካው በመጨረሻው ሰው እንደሆነ አስቀድመን ተስማማን፤ አሚሩም ከኋላ ሄደ።

ሌላም ደንብ አወጣን። ጠዋትና ማታ፣ ከፈጅርና ከመግሪብ በኋላ፣ ክብ ሠርተን እንቀመጣለን። አሚሩ ከራሱ ጀምሮ፣ «ራሴን ያመኛል ወይስ አያመኝም? ምግብ በላሁ? እንቅልፍ ተኛሁ?» ለሚሉት ሦስት ጥያቄዎች ይመልሳል። ከዚያ ተራው ይዞራል። በሌላው መልስ የሚስቅ የለም። የጓደኛውን ሕመም አውቆ የደበቀም ጓደኛውን እንደጎዳ ይቆጠራል። ከአንድ ፈረስ ላይም ጭነት አንስተን ለበሽተኛ አስቀረነው። በፕሮግራማችን ላይ አንድ ትርፍ ቀን ጨመርን። «ከታመመ እንመለሳለን» የሚለውን ውሳኔ አዲስ አበባ ሆነን ወሰንን፤ ከፍታ ላይ የደከመ አእምሮ ጥሩ ውሳኔ አይሰጥምና።

ሁለተኛው ጉዞ

በጥር 2016 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ዲንሾ ደረስን። ፓርኩ የተቋቋመው በ1970 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦት ነበር። በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግበን፣ አስጎብኚና ፈረሶች ይዘን፣ የመጀመሪያውን ቀን በ3,100 ሜትር ገደማ ላይ ምንም ሳንሠራ ዋልን። ወደ ጋይሳይ ሜዳ ወርደን የደጋ አጋዘኖችን አየን፤ ከዓለም በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኙ ናቸው።

በማግስቱ ወደ ሶዶታ፣ ከዚያ በወብ ሸለቆ በኩል ወደ ኬይረንሳ ወጣን። በመንገዳችን ፊንጫ ሐበራ የሚባለው የዋሻ መጠለያ አለ። ተመራማሪዎች በ2019 እ.ኤ.አ. ይፋ እንዳደረጉት፣ በዚህ ስፍራ ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመታት በፊት ሰዎች ይኖሩ ነበር፤ ምግባቸውም በአብዛኛው ዛሬም ድረስ ሜዳውን የሚቆፍረው የባሌ ትልቁ ፍልፈል ነበር። ወጣቶቹ በብርዱ ሲያጉረመርሙ ያንን ዋሻ አሳየናቸው፤ ዝም አሉ። ያንኑ ፍልፈል አድፍጦ የሚያድነውን ቀይ ቀበሮም አየን። በዓለም ላይ ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 የማይበልጡ ሲሆን፣ ከግማሽ በላዩ የሚኖረው በእነዚሁ ተራሮች ነው።

ኬይረንሳ ላይ ከመግሪብ በኋላ ክብ ሠርተን ተቀመጥን። አሚሩ ተናገረ፤ ተራው ዞሮ ያ የድሬዳዋ ልጅ ጋ ደረሰ። አዎ፣ እርሱም ነበር። በዚህ ጊዜ ሁለት ሳምንት ቀድሞ አዲስ አበባ መጥቶ፣ እንጦጦን ከእኛ ጋር ወጥቷል። ልጁ መሬት መሬቱን እያየ፣ «ኡስታዝ፣ ራሴን ያመኛል። ምሳም አልበላሁም» አለ። የሳቀ የለም። መስመሩ ላይ አራመድነው፤ ቀጥ ብሎ ሄደ። በማግስቱ ሽቅብ መውጣታችንን ትተን እዚያው ዋልን። ትርፍ ያስቀመጥናት ቀን ለዚህ ዋለች። ያን ቀን ልጆቹ በወንዙ ዳር ቁርኣን ሲቀሩና ልብስ ሲያጥቡ ዋሉ፤ ማታ ላይ ልጁ ሽሮውን ጨርሶ ድጋሚ ጠየቀ።

ከዚያ በራፉ የድንጋይ ዓምዶች መካከል አልፈን ገርባ ጉራቻ ደረስን። ስሙ በኦሮምኛ ጥቁር ሐይቅ ማለት ነው፤ ከ3,900 ሜትር በላይ በገደል ተከብቦ ይገኛል። ልጁ ዳርቻው ላይ ቆሞ ዱሁርን አሰገደን። ያለፈው ዓመት ተሳስሮ የነበረው እግሩ ጸንቶ ቆሞ ነበር።

ለወላጆች

ውድ ወላጆች፣ ልጃችሁን ከማንም ጋር ወደ ተራራ ስትልኩ አራት ነገር ጠይቁ። የመጀመሪያው ሌሊት የሚያድሩበት ከፍታ ስንት ነው? ትርፍ ቀን አላችሁ? የታመመ በምን ይወርዳል? ልጄ «አመመኝ» ቢል ምን ትሉታላችሁ? ለአራተኛው ጥያቄ መሪው ከሳቀ፣ ልጃችሁን አትስጡት። እኛም በመጀመሪያው ዓመት ብንጠየቅ ኖሮ እንስቅ ነበር።

ወጣቶች ሆይ፣ ዝግጅት አድርጎ በአላህ መመካት ሁለቱ አብረው የሚሄዱ ናቸው። «አመመኝ» ማለትም ከዝግጅቱ አንዱ ነው፤ የአካላችሁ አደራ አለባችሁና።

ዲንሾ ስንመለስ መጀመሪያ የደወልነው ለዚያ ልጅ እናት ነው። ሰላምታ ተለዋወጥን። እርሳቸውም ቀስ ብለው፣ «ኡስታዝ፣ ራሱን አመመው እንዴ?» አሉ።

«አዎ፣ አንድ ቀን አመመው» አልናቸው። «ግን ነገረን።»

አላህ መንገዳችንን የሰላም ያድርግልን፤ አደራ ከሚጠብቁት ባሮቹም ያድርገን። አሚን። ወሏሁ አዕለም።